ባለ ሁለት ኮርቻው ብስክሌት

ብራዮኒ ሃልዴንቢ አባቷ የፈረሙበትን ወረቀት ይዛ ደረጃውን በሩጫ ወረደች። መሮጥ አልነበረባትም። የሠራተኞች ጉዳይ ኃላፊ ናት፣ የባለ ፋብሪካው አንድ ልጅ ናት፣ ያውም ተረከዘ ረጅም ጫማ አድርጋለች። እግሯ ግን እንቢ አላት።

እንግዳ መቀበያው ላይ የምትቀመጠው ሞሪን ከመነጽሯ በላይ አየቻት። «ቀስ በይ የኔ እናት! እሳት ተነሳ እንዴ?»

«ፈረመ! አባዬ ፈረመ!»

«የብስክሌቱን?»

«የብስክሌቱን!»

ነገሩ በአገሩ አዲስ አይደለም። መሥሪያ ቤቱ ብስክሌት ይገዛል፤ ሠራተኛው ወደ ሥራ ይመላለስበታል፤ ክፍያው ከደሞዙ ላይ፣ ግብር ሳይቆረጥ በፊት፣ በየወሩ በትንሽ በትንሹ ይነሳል። ግብሩ ስለሚቀልለት ብስክሌቱ ሱቅ ውስጥ ከተጻፈበት ዋጋ በጣም ረክሶ ይደርሰዋል። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ከድሮ ጀምሮ ያላቸው ነገር ነው። የሃልዴንቢ ፋብሪካ ግን አዲስ ነገር ሲመጣበት ያንገራግራል። ብራዮኒ አባቷን ለማሳመን የብርዱን ወራት በሙሉ ስትጨቀጭቃቸው ከርማለች፤ በቁርስ ሰዓት፣ በመኪና ውስጥ፣ አንዴ እንዲያውም ጥርስ ሐኪም ቤት ተራ ሲጠብቁ።

ሞሪን የሰው ፊት በማንበብ ያረጀች ሴት ናት። «ይሄ ሁሉ ደስታ ለብስክሌት ነው?» አለች። «ወይስ ለባለ ብስክሌቱ?»

ብራዮኒ እስከ ጆሮዋ ቀላች። መልሱን ሞሪን ታውቀዋለች።

ባለ ብስክሌቱ ኔድ ተፕሊን ነው። ፋብሪካው የሚሠራው ሰው በበጋ ባሕር ዳር ሄዶ የሚያርፍባቸውን ተጎታች ቤቶች ነው። እያንዳንዱ ቤት ከመሸጡ በፊት ሠራተኞቹ «ዝናብ ቤት» ወደሚሉት መጋዘን ይገባና ከጣሪያ ከተሰቀሉ ቧንቧዎች ውሃ ይወርድበታል። አንድ ሰው ውስጡ ተቀምጦ በየት በኩል እንደሚያፈስ ያያል። ያ ሰው ኔድ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ ግን ቤት የሚሞላ ሰው።

ባለፈው መከር ብራዮኒ ስለ ዕረፍት ቀኑ ልትጠይቀው አንዱ ተጎታች ቤት ውስጥ ገብታ ሳለ ውሃው ተለቀቀ። መውጣት የለም። «አሁን ከወጡ ይበሰብሳሉ፣ ሚስ ሃልዴንቢ» አላት። «ይቀመጡ፤ ጠብ የሚል ነገር ካዩ ብቻ ይንገሩኝ።» ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጣሪያው እንደ ከበሮ ይደለቃል። ሁለቱም ኮርኒሱን እያዩ ነበር፤ በኋላ ግን ኮርኒሱን የሚያይ አልነበረም። ያን ቀን ያ ቤት ቢያፈስም ማንም አላወቀም።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሃምበር ድልድይ ላይ ይገናኛሉ። ሃምበር ትልቅ ወንዝ ነው፤ ድልድዩም ረጅም ነው። የእሷ ቤትና ፋብሪካው በሰሜኑ ዳር ሄስል ከተማ፣ የእሱ ደግሞ በደቡቡ ዳር ባርተን። እሷ ከዚህ፣ እሱ ከዚያ ይነሱና መሃሉ ላይ ይገናኛሉ። እዚያ አባትም፣ የሥራ ባልደረባም፣ ጎረቤትም የለም፤ ነፋስ ብቻ። ሲመሽ እሷ ወደ ሰሜን፣ እሱ ወደ ደቡብ ይመለሳሉ። ብራዮኒ ከመሃሉ አልፋ ሄዳ አታውቅም። ኔድ ግን በየቀኑ ያቋርጠዋል፤ አውቶቡሱ ለጠዋቱ ፈረቃ ስለማይደርስለት ድልድዩን በእግሩ ነው የሚመጣው። ሌላው ሰው ዝናብ ቤት ሲገባ ይረጥባል፤ ኔድ ርሶ ነው የሚገባው። ያ የረጠበ ጫማው ነው የብራዮኒን አንጀት የበላው፤ ያን ሁሉ ጭቅጭቅም ያመጣው።

ቅዳሜ አብረው ሱቅ ሄዱ። ኔድ አንድ አረንጓዴ ብስክሌት ላይ ወጥቶ ቃጭሉን ደጋግሞ መታው፤ ባለ ሱቁ በቃህ እስኪለው ድረስ።

«ድልድዩን ስንት ደቂቃ ትፈጅበታለህ?» አለችው።

«አንቺ ከወዲያ ዳር ካለሽ? መብረር ነዋ!»

ሳቀ። እሷም ስልኳን አውጥታ ያንን ሳቅ ፎቶ አነሳችው። ሰኞ ጠዋት ፎቶውን አሳድጋ የምግብ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው፤ ከሥሩም «የመጀመሪያው ብስክሌተኛችን! ቀጣዩ ማን ነው?» የሚል ጻፈችበት። ቀኑን ሙሉ ልቧ አላረፈም፤ ምግብ ባትፈልግም ሦስት ጊዜ አዳራሹ ገብታ ወጣች።

ረቡዕ ግን ጉድ ፈላ።

የሠራተኞቹን ማመልከቻ የሚያስተናግደው፣ ከፋብሪካው ውጭ ያለ ድርጅት ኮምፒውተር ለኔድ ማመልከቻ በስልኩ መልስ ላከለት። ብራዮኒ የመልእክቱን ግልባጭ ያየችው ከስብሰባ ወጥታ ነው። «ገቢዎ በዚህ እቅድ ለመጠቀም ብቁ አያደርግዎትም» ይላል። ከግርጌው «ብራዮኒ ሃልዴንቢ፣ የሠራተኞች ጉዳይ» የሚል አለ። ኮምፒውተሩ በሚልከው ሁሉ ላይ ስሟን ያስገባል።

ምክንያቱ ቀላል ነበር። ሕጉ ለማንም ሠራተኛ ከዚህ በታች አይከፈል የሚለው የደሞዝ ወለል አለ። የኔድ ደሞዝ ወለሉ ላይ ነው የተቀመጠው። የብስክሌቱ ክፍያ ሲቀነስ ከወለሉ በታች ይወርዳል፤ ስለዚህ አይፈቀድለትም። ብስክሌቱን ከማንም በላይ የሚፈልገው ሰው ከማንም በፊት ተከለከለ ማለት ነው።

ብራዮኒ ይህን አንቀጽ አንብባዋለች። ማንበቡንስ አንብባዋለች፤ ኔድን ግን ከአንቀጹ ጋር አላገናኘችውም። ስለ እሱ ስታስብ ጫማው፣ ሳቁ፣ እጁ ይመጡባታል፤ ደሞዙ መጥቶባት አያውቅም። ማንን ትወቅስ? ወንበሯ ላይ ዘጭ ብላ ቀረች።

እሱን ፍለጋ ስትወጣ መግቢያው ላይ ሰው ተሰብስቧል። አንድ ጥቁር፣ ቀጭን፣ ሲያዩት የሚያሳሳ ብስክሌት ከጭነት መኪና እየወረደ ነበር። በእቅዱ የመጣ የመጀመሪያው ብስክሌት ነው፤ የታዘዘውም በአባቷ ስም። ደሞዙ የበዛ ሰው የሚከፍለው ግብር ብዙ ነው፤ የሚቀርለትም ብዙ ነው። ሚስተር ሃልዴንቢ ብስክሌት ላይ የወጡት ለመጨረሻ ጊዜ በልጅነታቸው ነው፤ ግን ርካሽ ነገር ሲያገኙ ማለፍ አይሆንላቸውም።

የኔድን መከልከል የሰማ አንድ ሠራተኛ ጮክ ብሎ፣ «ኔድ! ና ቢያንስ ቃጭሉን ምታለት!» አለ። ሌላው ቀጠለ፤ «ተወው ባክህ፣ እሱ ፎቶ ይበቃዋል!»

ሳቁ መግቢያውን ናጠው። ኔድ ከኋላ ቆሞ ነበር። ብራዮኒን አያት። እሑድ እሑድ ከሩቅ የሚያበራው ዓይን ያን ቀን እንደ ማያውቃት ሰው አለፋት።

ዝናብ ቤት ድረስ ተከትላው ሄደች። ውሃው እየወረደ ነው፤ ለመሰማት መጮህ ነበረባት።

«ኔድ፣ እኔ አልጻፍኩትም!»

«ስምዎ ግን አለበት፣ ሚስ ሃልዴንቢ።»

እርስዎ አላት። ከመከር ወዲህ ብሏት አያውቅም። ከዝናቡ ይልቅ ያ ቃል አበሰበሳት።

«አላወቅኩም ነበር እኮ!»

«ደሞዜን የምትከፍዪኝ አንቺ ነሽ!» አለ ድንገት። «ማን ይወቅ ታዲያ? ብስክሌት ላይ አስቀመጥሽኝ፣ አሳቅሽኝ፣ ግድግዳ ላይ ሰቀልሽኝ። ሰው ሁሉ ሲሳለቅብኝ ፎቶውን እንኳ አላወረድሽውም። ምን ነበርኩ፣ ማስታወቂያ?»

ኔድ ወደ ተጎታቹ ቤት ገባና በሩን ዘጋው። እሷ ውጭ ቀረች፣ ውሃው ሥር፤ ልቧ እንዲያ ሆኖ የልብሷ መርጠብ ትዝ አላላትም።

እንደረጠበች አባቷ ቢሮ ገባች።

«አባዬ፣ ያን ብስክሌት መልሰው።»

«ለምን? አንቺው ነሽ ያስፈረምሽኝ።»

«ለእግረኛ ነው ያስፈረምኩህ! አንተ መኪና አለህ። ኔድ ያንን ድልድይ በእግሩ ይመጣል፤ ደሞዙ አነሰ ተብሎ ተከለከለ። የምንከፍለው ደሞዝ ብስክሌት እንኳ የማያስገዛ ከሆነ አያሳፍርህም?»

ሚስተር ሃልዴንቢ ብዕራቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ቁጣቸውም ፍቅራቸውም ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ከአባታቸው የወረሱት አንድ ልማድ አላቸው፤ ዘወትር ዓርብ ጠዋት በር ላይ ቆመው የሚገባውን ሠራተኛ ሁሉ በስሙ ሰላም ይላሉ።

«ኔድ» አሉ። «ተፕሊን አላልሽም። ኔድ አልሽ።»

«አዎ፣ ኔድ» አለች ብራዮኒ።

«ልጄ፣» አሉ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሰውዬው ክፉ አይደለም። ግን ከሥር ካሉት ጋር እንዲህ ዓይነት ነገር አይሆንም። ነገ ስትጣሉ ሠራተኛዬንም ልጄንም የማጣው እኔ ነኝ።»

«አንዳችንን አሁኑኑ እያጣህ ነው» አለችና ወጣች። ከራሷ የማትጠብቀው ድፍረት ነበር።

ሞሪን ፎጣ ይዛ ጠበቀቻት። የሚስተር ሃልዴንቢ አዲስ ብስክሌት ከጎኗ ቆሟል፤ ካፖርቷን ሰቅላበታለች። «ፊትሽን ጥረጊ» አለቻት። «ሌላ ወሬ አለኝ፤ ከኔ ብትሰሚው ይሻላል። ኔድ ሥራ ሊለቅ ነው። አበርዲን አጎቱ ጋ መርከብ ላይ ሥራ አግኝቷል አሉ። ዓርብ የመጨረሻ ቀኑ ነው። ቅዳሜ ይሄዳል።»

«አበርዲን? ስኮትላንድ ድረስ?»

«እዚያ ድረስ፣ የኔ እናት። እዚያ መሃሉ ላይ የሚገናኙበት ድልድይ የለም።»

ብራዮኒ ቀና ብላ አየቻት። ለካስ ይህቺ ሴት እሑዱንም ታውቃለች።

ከሰዓት በኋላ የአረንጓዴውን ብስክሌት ትዕዛዝ ልትሰርዝ ሱቁ ሄደች። ባለ ሱቁ እጁ ከቅባት የማይነጻ፣ ሰው ሲያዝን ምን እንደሚል የማያውቅ ሰው ነው። «ያሳዝናል» አለ፣ ትንሽ አሰበና ደገመው። ብራዮኒ ዓይኗን ለመደበቅ ወደ ጓዳው ዞር ስትል ከጣሪያ የተሰቀለ አንድ ረጅም ነገር አየች። ሁለት ኮርቻ፣ ሁለት መሪ፣ ሁለት ጥንድ ፔዳል። ቀለሙ የበሰለ ቲማቲም ነው።

«ያ ምንድን ነው?»

«እሱን ተዪው። ባልና ሚስት ይመጡና ማን ከፊት ይቀመጥ ብለው ተጣልተው ይሄዳሉ።»

«በእቅዱ ይገዛል?»

ባለ ሱቁ ጭንቅላቱን አከከ። «ብስክሌት አይደል? ጎማውም ሁለት ነው። ምን ይከለክለዋል!»

ልቧ ዘለለ። ቀኑን ሙሉ ሞቶ የዋለ ልብ በአንድ ጊዜ ዘለለ። እሷ በራሷ ስም ምንም አልጠየቀችም ነበር። እዚያው ቆማ በስልኳ አመለከተች፤ የእሷ ፈቃድ ባለ ሱቁ መሰላሉን ፈልጎ ሳያመጣ ደረሰ። ይሄም ያበሳጫል፤ ግን የብስጭት ጊዜ አልነበረም። ሐሙስ ማታ ቤቷ ፊት ለፊት ተለማመደች። ሁለት ጊዜ የጎረቤት አጥር ውስጥ ገባች፤ ጎረቤትየው በመስኮት አይቶ መጋረጃውን በትህትና ዘጋው።

ዓርብ ሰማዩ መንጋት ሲጀምር ድልድዩ ላይ ነበረች። ባለ ሁለት ኮርቻ ብስክሌት ብቻውን ለሚነዳ ሰው እልኸኛ በቅሎ ነው። ነፋሱ ከጎን ይገፋታል፣ የኋላው ባዶ ኮርቻ ይወዛወዛል፣ የኋላ ፔዳሎቹ የሚረግጣቸው ሳይኖር አብረው ይዞራሉ። አንድ ሯጭ አልፏት ሄደ፤ ዞር ብሎ፣ «አንዱን ጥለሽዋል!» አላት። «ልወስደው ነው የምሄደው!» ብላ ጮኸችለት። ራሷ በድፍረቷ ሳቀች።

መሃሉ ላይ ደረሰች። ሁልጊዜ የሚገናኙበት፣ ሁልጊዜም የምትመለስበት ቦታ ነው። እግሯ ከልማድ ሊቆም ቃጣው። አላቆመችም። አልፋው ወረደች።

የተፕሊኖች ቤት ከተደረደሩት የጡብ ቤቶች አንዱ ነው። በሩን የከፈቱላት እናቱ ናቸው፤ የሌሊት ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበዋል። እሷን አዩ፣ ብስክሌቱን አዩ፣ እንደገና እሷን አዩ።

«ኔድ!» ብለው ወደ ፎቅ ጮኹ። «ደጃፋችን ላይ አንዲት ልጅ የባቡር ያህል ብስክሌት ይዛ ቆማለች!»

ኔድ ያልታሰረ ጫማ አድርጎ ወረደ። ሲያያት ደረጃው ላይ ደርቆ ቀረ።

«ሚስ ሃልዴንቢ።»

«ሚስ ሃልዴንቢ ቢሮዋ ናት። እኔ ብራዮኒ ነኝ።» መሪውን እንደያዘች ቀጠለች። «አልቆጣህም፣ አልለምንህም። የምለውን ስማኝና ከፈለግክ በእግርህ ሂድ። ስላንተ ሁሉንም አስቤ ነበር፤ ዝናቡን፣ ጫማህን፣ ድልድዩን። ደሞዝህን ግን አላሰብኩም። እንዲህ ያለ ነገር ማሰብ ግድ ሆኖብኝ ስለማያውቅ ነው። ጥፋቴ እሱ ነው፤ ትልቅ ጥፋት ነው። ፎቶህን ያላወረድኩት ግን ልሳለቅብህ አይደለም።»

«ለምንድን ነው ታዲያ?»

«ማየት ስለምወደው ነው! በቀን ሦስት ጊዜ እየገባሁ አየው ነበር። ሌላ ማን እንደሚያየው፣ ምን እንደሚል አላሰብኩም። አሁን አውርጄዋለሁ፤ ቤቴ ነው ያለው፤ ከፈለግክ አምጪ በለኝ።»

ኔድ ብስክሌቱን አየ። መንገጭላው ጠነከረ። «ይሄስ ምጽዋት ነው?»

«በኔ ስም ነው፤ ከኔ ደሞዝ ነው የሚቆረጠው። ችግሩ ብቻዬን ልነዳው አልቻልኩም። ክርኔን እይ፤ አጥር ነው የላጠው። ደግሞ ሕጉን ታውቃለህ? ብስክሌቱ በአብዛኛው ለሥራ መመላለሻ መሆን አለበት ይላል። የኔ ቤት ከፋብሪካው ስንዝር ነው። በሕጉ ልጠቀምበት ካልኩ በየቀኑ ድልድዩን ተሻግሬ፣ አንተን ይዤ ልመለስ ነው እንግዲህ።»

«በየቀኑ?»

«ነፋስ ካልከለከለን፣ በየቀኑ።»

«ነገ አበርዲን እሄዳለሁ» አለ ኔድ ቀስ ብሎ። እሷን ሳይሆን መሬቱን እያየ ነው የተናገረው።

«አውቃለሁ። ልሂድ ካልክም ትሄዳለህ። ደሞዙንም አልዋሽህም፤ ከአባዬ ጋር ጦርነት ጀምሬያለሁ፣ ገና አላሸነፍኩም። ዛሬ ግን በእግርህ አትመጣም። ዛሬ ብቻህን አትመጣም።»

እናቱ ትዕግስታቸው አለቀ። «ልጅቱ ባሕር የሚያህል ወንዝ ተሻግራ መጥታለች፤ አንተ የጫማህን ክር እንኳ አላሰርክም! ምን ትጠብቃለህ? ውጣ!»

ኔድ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አሰረ። ቀና ሲል የአፉ ዳር ትንሽ ፈገግ ብሎ ነበር።

«ማን ነው ከፊት?» አለ።

«ከባዱ ሰው ከፊት ነው አለኝ ባለ ሱቁ። መሪውም ፍሬኑም እዚያ ነው። የኋለኛው መርገጥ ብቻ ነው። የሚታየውም የፊተኛው ጀርባ ነው።»

«አትፈሪም?»

«እፈራለሁ» አለችና ከኋላ ወጣች።

መጀመሪያ እየተንገዳገዱ ወጡ፤ እናቱ ከበሩ ላይ «ወደ ግራ! ወደ ግራ!» ይሉ ነበር። መንገዱ መጨረሻ ላይ እግራቸው ገጠመ። ፔዳሎቹ በአንድ ካቴና የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲረግጥ ሌላው ይረግጣል፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ያርፋል። ድልድዩ ላይ ሲወጡ ነፋሱ ተቀበላቸው። ብራዮኒ ወንዙን አላየችም፣ ከፊት የሚመጣውንም አላየችም። የሚታያት የኔድ ሰማያዊ ጃኬት ብቻ ነው፤ እሱም ሙሉ ዓለም ሆኖባት ነበር።

«መሃሉ ላይ ደረስን!» አለ ኔድ። «እንቁም?»

እዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ይቆማሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ወደ መጣበት ይመለሳል።

«አትቁም!» አለች። «እንለፈው!»

አለፉት። ያኔ ነው ያመለጣት። ለጀርባው ነው የተናገረችው፤ ፊቱን እያየች ቢሆን ኖሮ ምናልባት አትደፍርም ነበር።

«ኔድ፣ እወድሃለሁ። አበርዲን ብትሄድም እወድሃለሁ።»

አልዞረም፤ መዞር አይችልም። ግን ፔዳሎቹ ቆሙ። እግሮቿ ከእግሮቹ ጋር በአንድ ጊዜ ቀጥ አሉ፤ ብስክሌቱ በዝምታ በራሱ ይንሸራተታል። እንደሰማት ያወቀችው በእግሯ ነው። ከዚያ ፔዳሎቹ ዞሩ፤ ፈጠኑ፤ ጉልበቷ እስኪዝል ድረስ ፈጠኑ። ኔድ ከፊት ሆኖ ቤት የሚሞላውን ሳቁን ሳቀ፤ ድልድይም ይሞላ ነበር ለካ። «ቀስ በል! እግሬን ነቀልከው እኮ!» ትላለች እሷ፤ እየሳቀች፣ እያለቀሰች፣ አንዱን ከሌላው መለየት አቅቷት።

«እኔም!» ብሎ ጮኸ። «እኔም እወድሻለሁ! ከዝናቡ ቀን ጀምሮ! ያ ቤት አፍስሶ ነበር፤ ሰው ሁሉ ወጥቶ ብቻዬን ጠርጌዋለሁ!»

የፋብሪካው በር ላይ ሲደርሱ የጠዋቱ ፈረቃ ሠራተኛ እየገባ ነበር። ዓርብ ነው። ሚስተር ሃልዴንቢ እንደ ልማዳቸው ቆመዋል። በመጀመሪያ ቲማቲም የመሰለውን ብስክሌት አዩ፣ ቀጥለው ኔድን፣ ከዚያ ከኋላው ፀጉሯ የተንጨባረረውን ልጃቸውን። ሞሪን ከመስታወቱ ጀርባ ቆማ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ኔድ ፍሬን ያዘና አንድ እግሩን አሳረፈ። ብራዮኒ ግን አልወረደችም። ልትወርድ ትችል ነበር፤ ከበሩ ወዲያ ወርዳ በእግሯ ልትገባም ትችል ነበር። ኮርቻዋን ይዛ ቁጭ አለች።

«ተፕሊን» አሉ ሚስተር ሃልዴንቢ። «መታወቂያህን ልትመልስ ነው የመጣኸው?»

«ከቤት ስነሳ ሐሳቤ እሱ ነበር፣ ጌታዬ።»

«አሁንስ?»

«አሁን... ይሄ ብስክሌት በአንድ ሰው አይሄድም። ልጅዎን አጥር ውስጥ ከቷታል። ጥያት ብሄድ ልክ አይመስለኝም።»

አንድ ሰው ከኋላ ፈንቅሎት ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። የረቡዕ ዓይነት ሳቅ አልነበረም። ሚስተር ሃልዴንቢ ግን አልሳቁም። ብስክሌቱን ዞሩት። ጎንበስ ብለው ከኋላ ባለው መሪ ላይ፣ የልጃቸው እጅ ባለበት፣ አንድ ነገር ፈለጉ።

«እዚህ ፍሬን የለም?»

«የለም አባዬ። ያለው ከፊት ነው።»

«መሪውስ?»

«ለመያዣ ነው እንጂ አይዞርም።»

ቀና አሉ። ልጃቸውን አዩ። የተላጠ ክርን፣ በነፋስ የቀላ አፍንጫ፣ በእንባ የታጠበ ፊት፤ ደግሞም ከሕፃንነቷ ወዲህ ያላዩት ደስታ። ወደ ኔድ ተራመዱና ሰፊ እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ። ብዙ ነገር ሊሉ የፈለጉ ይመስሉ ነበር።

«እንግዲያው ቀስ አድርገህ ንዳልኝ» አሉ።

ኔድ ራሱን ነቀነቀ። ብራዮኒ ፊቱን አላየችም። ያየችው ጀርባውን ነው፤ ሰማያዊው ጃኬት ይንቀጠቀጥ ነበር። ግንባሯን እዚያ ላይ አሳረፈች። ጃኬቱ ነፋስ ነፋስ ይሸታል፤ ከሥሩ ግን ሞቃት ነበር። እሷም ሰው ሁሉ እያያት እንደሆነ እያወቀች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳትደብቅ፣ እዚያው ተደግፋ ቆየች።